አራት ምስክር ከሰማይ

ዘንድሮ እኛ ቤት ሰው ሮጠ የሚባለው ማሽን ሲመሰክርለት ብቻ ሆኗል። የልጅ ልጄ ሯጭ ነው። ሯጭነቱን አልጠላሁበትም፤ ሽሮ ሜዳ ተወልዶ፣ እንጦጦን ራስጌው አድርጎ ያደገ ልጅ ሩጫ ቢወድ ምን ይገርማል? የጠላሁት ጭነቱን ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ እኔ ዳዊቴን ይዤ በረንዳ ላይ ስቀመጥ እሱ ዕቃውን መታጠቅ ይጀምራል። መጀመሪያ አንድ ቀበቶ በውኃ ያርስና ደረቱ ላይ ያስራል፤ ልብ ለመቁጠር ነው። ቀጥሎ የጫማውን ክር ፈታ አድርጎ አንዲት ትንሽ ነገር ይሸጉጥበታል፤ እርምጃ ለመቁጠር ነው። ቀጥሎ ሰዓቱ ይታሰራል። ከገና ወዲህ ደግሞ ሌላ ተጨመረ፤ ክብሪት የምታህል ጥቁር ሳጥን፣ ክንድ ላይ በላስቲክ የምትታሰር። እሷ የመጣችው መንገድ ልትቆጥር ነው።

መንገዱ ምን አጠፋና ነው የሚቆጠረው?

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ልጁ ሰዓት ነበረው። ደኅና ሰዓት ነው፤ ደቂቃ ይይዛል፣ ከደረቱ ቀበቶ ጋር እየተነጋገረ ልቡ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደመታ ይነግረዋል። ይህንን ያለ ሽቦ ልብ የመቁጠር ነገር ፊንላንዶች ናቸው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ለስፖርተኞቻቸው ያወጡት። እሱን እሺ ብያለሁ። የገዛ ልቡ ነው፤ ይቁጠረው። ሰዓቱ ግን ጂፒኤስ የለውም። ጂፒኤስ የሌለው ሰዓት ያሰረ ልጅ ደግሞ በጓደኞቹ መሐል አንገቱን ይደፋል። ልምምድ ጨርሰው፣ ቱታቸውን ደርበው ሲቀመጡ ሁሉም እጅጌውን ገልጦ "ስንት አለህ?" "18.4"፣ "እኔ 18.6" ይባባላል። የእኔው ልጅ "አንድ ሰዓት ከሃያ" ብቻ ብሎ ዝም ይላል። ሰዓት የሚናገር ሰዓት ማሰር የሚያሳፍርበት ዘመን ላይ ደረስን።

አዲስ ልግዛ እንዳይል ዋጋው የስንት ወር ጡረታዬን ጠራርጎ ይበላል። ስልክ ይዞ እንዳይሮጥ፣ ስልክ ኪስ ውስጥ ሲዘል ጭን ሲደበድብ ነው የሚውለው፤ ጎህ ሳይቀድ ስልክ ይዞ መሮጥ ደግሞ ሌባን ቁርስ መጋበዝ ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ልጄ ይህን ስትሰማ "አባዬ አትጨነቅ፣ ያለው ሰዓት ላይ የሚጨመር ዕቃ አለ፤ በብሉቱዝ ይገናኛሉ" አለችና ለገና ከሚመጣ ሰው ጋር ላከችለት። ለእኔ ካልሲ ላከች።

የመጀመሪያው ማለዳ አይረሳኝም። ሳጥኗ ሰማይ ማየት አለባት ተባለ። ልጁ የውጭ በር ላይ ቆሞ ክንዱን ወደ ላይ እንደ ዘረጋ ቀረ። አንድ ደቂቃ አለፈ፣ አምስት ደቂቃ አለፈ። ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ኪዳን የሚሄዱ ጎረቤታችን አይተውት "እግዜር ይስማህ ልጄ" ብለውት አለፉ። ወጣ ብዬ "ምን ሆነህ ነው?" አልኩት።

"ሳተላይት እየፈለገች ነው አባባ። መጨረሻ የበራችው አሜሪካ ስለሆነ አሁንም እዚያ ያለች መስሏታል።"

የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ነበር። እውነቱን ኖሯል። ይህች ዕቃ ስትጠፋ የነበረችበትን ቦታ ይዛ ታድራለች፤ ስትነቃ በዚያ ቦታ ሰማይ ላይ ይኖራሉ ብላ የምታስባቸውን ሳተላይቶች ትጣራለች። ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተሻግራ ሽሮ ሜዳ ላይ ስትነቃ የምትጠራቸው አቤት አይሏትም። ሁሉን ከባዶ ልጀምር ብላ ሳተላይቶቹ ስለ ራሳቸው የሚያወሩትን ሙሉ መልእክት ልታዳምጥ ከተነሣች ደግሞ 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጅባታል። ዳያስፖራ ናት፤ እስክትለምድ እንታገሣት አልኩ። ልጁ ግን ሰውነቱ በርዶ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ነበር። በእኛ ጊዜ በዚያን ያህል ደቂቃ አቀበቱን ተያይዘነው ላብ ላብ ብሎን ነበር።

እንዳይቀየመኝ ብዬ "እስቲ አሠራሯን አስረዳኝ" አልኩት። አስረዳኝ፤ ከዚያም ራሴ እየጠየቅሁና እያነበብኩ ደረስኩበት። እኔ ሳላውቅ የምነጫነጭ ሰው አይደለሁም፤ አውቄ ነው የምነጫነጨው። ከእኛ 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍ ብለው ከ24 የሚበልጡ ሳተላይቶች ምድርን ይዞራሉ። ባለቤቶቹ አሜሪካኖች ናቸው፤ የመጀመሪያዋን እ.ኤ.አ. በ1978 አመጠቁ፣ ሥርዓቱ ሙሉ ለሙሉ ሥራ ጀመረ የተባለው በ1995 ነው። እያንዳንዷ ሌት ተቀን የምትለው አንድ ነገር ነው፦ እኔ እገሊት ነኝ፣ ያለሁት እዚህ ነው፣ ሰዓቱ ይህን ያህል ነው። ታች ያለችው ሳጥን ይህን ትሰማና መልእክቱ ስንት ጊዜ ፈጅቶ እንደ ደረሰ ታሰላለች፤ ከጊዜው ርቀቱን ታወጣለች። መልእክቱ የሚጓዘው በብርሃን ፍጥነት ስለሆነ የአንድ ሰከንድ ሚሊዮንኛ እንኳ ብትሳሳት 300 ሜትር ትስታለች። ለዚህ ነው ላይ ያሉት አቶሚክ ሰዓት ተሸክመው የሚዞሩት። የታችኛዋ ግን የያዘችው ርካሽ ሰዓት ነው። ስለዚህ ቦታዋን ለማወቅ ሦስት ሳተላይት አይበቃትም፤ አራተኛዋ የሰዓቷን ውሸት ማረም አለባት።

አራት ምስክር ማለት ነው። እኔ በሽምግልና ዘመኔ ስንት የአጥር ክርክር፣ ስንት የውርስ ጠብ ፈትቻለሁ፤ ሁለት ምስክር ይበቃኝ ነበር። አንድ ጎረምሳ ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ ሮጦ ለመመለሱ አራት ምስክር፣ ያውም ከሰማይ፣ ያውም አቶሚክ ሰዓት ይዘው! ደግሞ ምስክሮቹ ቃላቸው ሁልጊዜ የታመነ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካ ጦር ጠላት እንዳይጠቀምበት ብሎ ለሲቪሉ የሚደርሰውን መልእክት ሆን ብሎ ያዛባው ነበር፤ እስከ 100 ሜትር ድረስ ያሳስት ነበር። ያ የቀረው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 በፕሬዚዳንት ክሊንተን ትእዛዝ ነው። ውሸቱ ሲቀር ነው እንግዲህ ገበያው የደራው፤ ጋርሚን የሚባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2003 ጂፒኤስ ያለበትን የሯጭ ሰዓት አወጣ፣ ሌሎቹ ተከተሉ፣ ዕዳው እኔ በረንዳ ላይ ደረሰ።

እስቲ አበበ ቢቂላን ማን ቆጠረለት?

ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የዕንቁጣጣሽ ዋዜማ። እዚህ ችቦ ሲለኮስ፣ እዚያ ሮም ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን ያበሩ ነበር። የክቡር ዘበኛው ልጅ 11 ቁጥር ለጥፎ በባዶ እግሩ ይሮጣል። ክንዱ ላይ ምንም የለም፣ ደረቱ ላይ ምንም የለም፤ ጫማ የለ፣ ክር የለ፣ ምን ይሸጎጥበታል? ታዲያ የት እንዳለ በምን አወቀ? ከአሠልጣኙ ከስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ጋር ቀደም ብለው መንገዱን ሲያጠኑ፣ ወደ መጨረሻው ግድም፣ ከፍ የምትል አቀበት ላይ፣ ጣሊያን ነቅሎ የወሰደው የአክሱም ሐውልት ቆሞ ያገኙታል። እዚህ ስደርስ እለቃለሁ አለ። ደረሰ፣ ለቀቀ። ጎን ለጎን ሲሮጥ የነበረው ሞሮኳዊው ራዲ ኋላ ቀረ፤ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፣ የዓለም ፈጣን ሰዓት ሆነ። እንዲያውም አበበ ራዲ ነው ብሎ የሚፈልገው 26 ቁጥር የለጠፈ ሰው ነበር፤ ራዲ ግን 185 ለጥፎ አጠገቡ ነበር። ቁጥር ሰውን ያሳስታል የምለው ለዚህ ነው። ሐውልት አያሳስትም። ሐውልቱ ራሱ በ1997 ዓ.ም. አገሩ ገብቶ በ2000 ዓ.ም. አክሱም ላይ ተተክሏል፤ ከዚህ በኋላ ሮም የሚሮጥ የእኛ ሰው ሌላ ምልክት ይፈልግ።

ለልጁ ይህን ስነግረው "አባባ፣ አበበም ጂፒኤስ ቢኖረው ይጠቀም ነበር" አለኝ። ይጠቀም ይሆናል። ምሩጽ ይፍጠርም እ.ኤ.አ. በ1980 ሞስኮ ላይ ማርሽ የሚቀይርበትን ጊዜ ክንዱ ላይ ጢጥ የሚል ነገር ቢነግረው ደስ ይለው ይሆናል። ግን ጢጥ የሚለውን ሁሉም ይሰማዋላ! የምሩጽ ማርሽ ሰው ያልሰማው ስለሆነ ነው በ5,000ም በ10,000ም የበላቸው። ጉዳዬ እሱ ነው፤ ሯጭ መንገዱን በገዛ ዓይኑና በገዛ ሳንባው ያውቀው ነበር፣ አሁን የተወለደበት አቀበት ላይ ቆሞ የት ነው ያለሁት ብሎ ሰማይ ይጠይቃል።

የሳጥኗን ትልቁን በደል ገና አልነገርኳችሁም። ልጁ ከእንጦጦ ወርዶ በራችን ላይ ይደርሳል። ባለቤቴ ቁርሱን አቅርባለች፣ እኔ በሩን ከፍቼ ቆሜያለሁ። አይገባም። ሰዓቱን ያያል፤ 11.74 ይላል። 12 ካልሞላ አይገባም! ስለዚህ ከበራችን እስከ ሱቁ፣ ከሱቁ እስከ መብራት ምሰሶው፣ ከምሰሶው ተመልሶ እስከ በራችን ይመላለሳል። የሠፈሩ ውሻ መጀመሪያ ይጮህበት ነበር፤ አሁን ለምዶ አብሮት ይሮጣል። ባለ ሱቁ ደንግጦ ሚዛኑን ትቶ ወጣ። አንድ ቀን እኚያ ኪዳን የሚያደርሱት ጎረቤታችን ሲመለሱ አገኙትና "ደግሞ ዛሬ ምን ነካው?" አሉኝ።

"260 ሜትር ጎድሎበት ነው" አልኳቸው።

"ማን ወሰደበት?" አሉ።

የወሰደችበት ሳጥኗ ናት። ነገሩን አጥንቼዋለሁ። ልጆቹ እንጦጦ ባሕር ዛፍ ውስጥ ሲሮጡ ቀጥ ብለው አይሄዱም። አንዱ ይመራል፣ የቀሩት በሰልፍ እግሩን ይከተላሉ፤ በዛፍና በዛፍ መሐል ይጠማዘዛሉ፣ ዳገቱን አግድም ይቆርጡታል፣ ይመለሳሉ፣ ደግሞ ይቆርጡታል። መሪው ወዴት እንደሚታጠፍ የሚያውቀው መሪው ብቻ ነው። ሳጥኗ ደግሞ ባትሪ ልቆጥብ ብላ በየጥቂት ሰከንዱ አንድ ነጥብ ትጥላለች፤ ነጥቡን ከነጥቡ በቀጥታ መስመር ታገናኘዋለች። ልጁ የተጠማዘዘውን እሷ ትቆርጠዋለች። ከላይ ቅጠሉ ሲበዛ፣ ዝናብ ሲያርሰው ደግሞ የሚደርሳት መልእክት ይደክማል፣ ግምቷ ይበዛል። በዚህም በዚያም ሜትር ይጎድላል። ልጁ ጉልበቱን እንጦጦ ላይ ከፍሎ ሲያበቃ ያልተቆጠረለትን በር ላይ ደግሞ ይከፍላል። ይህን ግፍ የሚሰማ ዳኛ የለም።

ደግሞስ ኪሎ ሜትር ሁሉ አንድ ነው እንዴ? ሯጮቻችን ለየሥራው የየራሱ ቦታ አላቸው። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ይሳሳል፣ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ እዚያ ቀስ ተብሎ ይሠራል። ሱሉልታ ሜዳው አለ፣ ሰንዳፋ ኮረኮንቹ አለ፣ አቃቂ ዝቅ ስለሚልና ስለሚሞቅ እዚያ ይፈጠናል። የእንጦጦን ስምንት ኪሎ ሜትርና የአቃቂን ስምንት ኪሎ ሜትር እግር አያምታታቸውም። ሳጥኗ ሁለቱንም "8.00" ብላ ትጽፋለች። ከፍታ ላይማ ጭራሽ አትታመንም፤ ጂፒኤስ ወደ ጎን ከሚስተው ይልቅ ወደ ላይና ወደ ታች የሚስተው ይብሳል። አንድ ቀን ልጁ በረንዳዬ ላይ ቆሞ ሳለ ቤታችንን ዐርባ ሜትር ከፍ አደረገችው። ግብር የሚተምኑት እንዳይሰሙ ብዬ ዝም አልኩ።

ኅዳር ላይ ደግሞ የታላቁ ሩጫ ክርክር ይመጣል፤ ጓደኞቹ ዘንድሮ ከዚያ ሲመለሱ ቤታችን ሰብሰብ ብለው ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2001 ሲጀመር ጀምሮ 10 ኪሎ ሜትር ነው። የጓደኞቹ ሰዓት ግን 10.31 ይላል፣ 10.27 ይላል። "መንገዱ በትክክል አልተለካም" ብለው ፈረዱ! ልጆች፣ የጎዳና ውድድር እኮ የሚለካው በብስክሌት ነው። ጎማው ላይ ቆጣሪ ይገጠማል፣ ቆጣሪው አስቀድሞ በብረት ሜትር በተለካ መስመር ላይ ይፈተናል፤ ከዚያ ለካዩ ከጠርዙ 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ርቆ፣ ኩርባውን ሁሉ ባጭሩ እየቆረጠ ይሄዳል። በዚህ ላይ እንዳያጥር ተብሎ በየሺው ሜትር አንድ ሜትር ይጨመራል፤ ማራቶን ላይ 42 ሜትር ማለት ነው። እናንተስ? አሥር ሺዎች መሐል፣ ከበሮ የሚመታውን በግራ አልፋችሁ፣ ቆማ ፎቶ የምትነሣውን በቀኝ ዞራችሁ፣ ውኃ ልውሰድ ብላችሁ መንገድ አቋርጣችሁ፣ ከወዳጅ ጋር ተቃቅፋችሁ ነው የደረሳችሁት። የሮጣችሁት ያንን ነው። በረዣዥም ሕንፃዎች መሐል ደግሞ መልእክቱ መስታወት መትቶ ይመለሳል፤ ረዥም መንገድ ዞሮ ስለሚደርስ ሳጥኗ እናንተን ከቦታችሁ ገፍታ ሌላ ጋ ታስቀምጣችኋለች። የእኔው ልጅ እሑድ እሑድ ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ ባለው ከ200 ሜትር በላይ በሚረዝመው የንግድ ባንክ ሕንፃ ሥር ሲያልፍ መስመሩ አስፋልቱን ትቶ ሕንፃ ውስጥ ይገባል፣ በሌላ በኩል ይወጣል። ባንክ በእሑድ ማን ከፈተለት?

ይህን ሁሉ የምታይ መሣሪያ ማየት ያለባትን አታይም። እንጦጦ መንገድ ላይ ልጁ ሽቅብ ሲሮጥ እናቶች ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ቁልቁል ይወርዳሉ። ወገባቸው ከመታጠፉ ብዛት ዓይናቸው አስፋልቱን እንጂ ፊታቸውን አያይም። ሯጮቹ መንገድ ይለቁላቸዋል፤ አንዳንዱ ሸክም ያስተካክላል። እነዚህ ሴቶች በስንት ደቂቃ ስንት ኪሎ ሜትር ሄዱ ብሎ የጠየቀ የለም፤ እንኳን አራት ሳተላይት አንድ ቀበሌ አልቆጠራቸውም። ጅቡንም አታይም። ልጁ አንድ ማለዳ ጅብ አይቶ ድንገት የፈጠነባትን ቦታ ካርታው ላይ አሳይቶኛል፤ ሳጥኗ "የዛሬው ምርጥ ኪሎ ሜትር" ብላ ኮከብ ሰጥታዋለች። ኮከቡ የሚገባው ለጅቡ ነበር።

የእኛዋ ሳተላይት ትሻል ነበር። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው፣ 72 ኪሎ የምትመዝነው፣ ከዚሁ ከእንጦጦ የተከታተልናት። ሥራዋ እርሻና ደን ማየት ነበር፤ የሰው ልጅ ቁርሱን ሳይበላ የት እንደ ዞረ አትጠይቅም ነበር።

ሌላው መንገዱ ከተቆጠረ በኋላ ዝም አለመባሉ ነው። ልጁ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ሳጥኗ ለስልኩ ትነግራለች፣ ስልኩ ለዓለም ይነግራል። እኔ ወታደር ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ፤ የጦር ሰፈር ዙሪያ ስንሮጥ ርቀቱ ስንት እንደሆነ ለሚስት እንኳ አይነገርም ነበር። ስትራቫ የሚባለው የሯጮች መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ተጠቃሚዎቹ የሮጡበትን ሁሉ በአንድ የዓለም ካርታ ላይ አብርቶ አወጣ። ሰዎች በ2018 መጀመሪያ ላይ አተኩረው ሲያዩት በረሃ መሐል፣ ምንም በሌለበት ጨለማ ውስጥ፣ አራት ማዕዘን ብርሃን አገኙ። ለካ ወታደሮች በየሰፈራቸው አጥር ዙሪያ ሰዓት አስረው ሲሮጡ ኖረዋል። ሰላይ ሳይላክ፣ ጥይት ሳይተኮስ፣ በቱታ!

እኔም በቱታ ባይሆን በኮት ተያዝኩ።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ልጁ ቁርጭምጭሚቱ ወለም አለው። ወጌሻ አሽቶት ተኛ። አንድ ሐሙስ ለእግር ጉዞ ስነሣ "አባባ፣ ሳጥኗን ይዘዋት ይውጡ እባክዎ፤ ሳምንቱ ባዶ እንዳይሆንብኝ" አለኝ። ለበሽተኛ እምቢ አይባልም። ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተታት። ሐኪም ባዘዘኝ መሠረት ከሽሮ ሜዳ ወርጄ፣ ስድስት ኪሎ የሰማዕታቱን ሐውልት ዞሬ፣ እዚያው አካባቢ ትንሽ አርፌ ተመለስኩ። ኮቴን ሰቀልኩ። ሳጥኗ ኪሴ ውስጥ እንዳለች ያየችውን ሁሉ ለስልኩ ዘረገፈች።

መጀመሪያ የልጁ ጓደኞች ጻፉ። በእሱ ስም ስለወጣ እሱ የሮጠ መስሏቸዋል። "በኪሎ ሜትር 17 ደቂቃ? ወንድሜ ምን ሆነህ ነው?" አለ አንዱ። ሌላው "እግዜር ይማርህ" አለ። አንደኛዋ የማልቀስ ሥዕል ላከች። ይህ የእኔ ጥሩ ፍጥነት ነው! ሪህ ያለበት ሰው በ17 ደቂቃ ሲሄድ ጭብጨባ ነው የሚገባው።

አመሻሹ ላይ ቡና ተፈልቶ ሳለ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተደወለ። ባለቤቴ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ረከቦቱ አጠገብ አስቀመጠችው።

"አባዬ፣ ዛሬ የት ዋልክ?"

"በእግሬ ወጥቼ ነበር።"

"አንድ ቦታ ላይ 50 ደቂቃ ቆመሃል።"

"አርፌ ነው፤ ሰው አያርፍም?"

"ካርታው ላይ ቁርጥ ቤት ይላል።"

ባለቤቴ ጀበናውን አስቀመጠች። እኔ ግን አልደነገጥኩም፤ እውቀት የሚጠቅመው ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን ነው። "ልጄ" አልኳት፣ "ይህች የላክሻት ዕቃ ሰማይ ወለል ብሎላት እንኳ አምስት ሜትር ያህል ትስታለች። እዚያ ፊት ለፊት ደግሞ የመስታወት ሕንፃ አለ። መልእክቱ መስታወቱን መትቶ ሲመለስ ረዥም መንገድ የመጣ ይመስላትና ሰውን ወደ ማዶ ትገፋለች። እኔ የነበርኩት መንገድ ዳር ነው። ወደ ሥጋ ቤቱ ያስገባችኝ እሷ ናት።"

ከወዲያ በኩል ዝም አለች። ረታሁ ብዬ ሲኒዬን አነሣሁ። ይሄኔ ያ ቁርጭምጭሚቱ ተጎድቷል የተባለ ልጅ ዘሎ ተነሥቶ ስልኩን አመጣና ካርታውን አጉልቶ ለአያቱ አሳያት። ለካ ሰው ሲቀመጥ ሳጥኗ አትቀመጥም። ነጥቧ ትንሽ ወዲህ ትንሽ ወዲያ እየተንሸራተተች ባለችበት መስመር ስትሞነጫጭር ትቆያለች። የእኔ ሙንጭርጭር ከመንገዱ ዳር ይነሣና ሥጋው የሚሰቀልበትን አልፎ፣ ከውስጠኛው ግድግዳ ሥር፣ ጠረጴዛው ያለበት ጥግ ላይ ድፍን ጥቁር ሆኗል። "አያችሁ" አልኩ፣ "ሰው ተቀምጦ ሳለ እንዲህ ታስሮጠዋለች። ውሸታም ናት።" ልጁ ደመረው፤ በተቀመጥኩበት 400 ሜትር ያህል ሮጫለሁ።

"ታዲያ ስለ መቀመጥህ ተስማማን" አለች ልጄ።

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረች። "አንተ ሰው! የምስር ወጤን ጠግቤያለሁ ብለህ የገፋኸው ለዚህ ነው?"

በላሁ አላልኩም። አልበላሁምም አላልኩም። አራት ምስክር ቆሞብኝ፣ አምስተኛዋ አሜሪካ ተቀምጣ፣ ስድስተኛዋ ጀበና ይዛ፣ ሰባተኛው ክንዱን ገልጦ እየሳቀብኝ ምን እላለሁ? ጠረጴዛው ላይ አዋዜ እንደነበረ ካርታው አልጻፈም፤ እሱን አልጠየቁኝም፣ አልተናገርኩም።

ልጄ ግን ፍርዷን ሰጠች። "ለፋሲካ የሚመጣ ሰው አለ። ላንተም እልክልሃለሁ።"

"ካልሲ ይበቃኛል" አልኳት።

"ሰዓት ነው አባዬ። ብትወድቅ ያውቃል፣ ልብህን ይቆጥራል፣ የት እንዳለህ ይነግረኛል። ለብቻው ሳጥን አያስፈልገውም፣ ሁሉም ውስጡ ነው።"

ስልኩ ሲዘጋ ልጁን ወደ በረንዳው ጠራሁትና ባለቤቴ እንዳትሰማ ዝቅ ብዬ "ይህ የሚመጣው ሰዓት ማጥፊያ አለው?" አልኩት።

"አለው አባባ።"

"ተመስገን።"

"ሲጠፋ ግን 'አባዬ አጥፍቶታል' ብሎ ለአክስቴ ይልክላታል።"